«ኖስፌራቱ»ን እንደገና ልሥራው?

ጥያቄ፦ «የፊልም ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ እመረቃለሁ። ለመመረቂያዬ ‹ኖስፌራቱ› የተባለውን የድሮ አስፈሪ ፊልም በራሴ ዕይታ እንደገና መሥራት እፈልጋለሁ። አማካሪዬ ግን ‹የተሠራ ፊልም ደግመሽ ማን ይቀጥርሻል?› አሉኝ። ልተወው?»

መልስ፦ አትተዪው፣ እህቴ። ግን የአማካሪሽን ጥያቄ አትናቂው። ነገ ፕሮዲውሰሩም ይኼንኑ ነው የሚጠይቅሽ።

ጀርመናዊው ዳይሬክተር ሙርናው በፈረንጆቹ 1922 «ኖስፌራቱ»ን የሠራው «ድራኩላ» ከተባለው የብራም ስቶከር ልብ ወለድ ወስዶ ነው፤ ያውም ሳያስፈቅድ። የገጸ ባሕርያቱን ስም ቢቀይሩም የደራሲው ሚስት ከሰሰች። ፍርድ ቤቱም ቅጂዎቹ እንዲወድሙ አዘዘ። በ1979 ዳይሬክተሩ ሄርዞግ ሲደግመው ደም መጣጩን ጭራቅ መሞት ያቃተው፣ ብቸኝነት ያንገሸገሸው ፍጡር አደረገው። በ2024 ደግሞ ዳይሬክተሩ ኤገርስ ታሪኩን ወደ ሴቷ ገጸ ባሕርይ ወደ ኤለን አዞረው፤ ጭራቁን ኦርሎክንም ባለ ሪዝ የትራንሲልቫኒያ መስፍን አድርጎ አመጣው። ሦስቱን ተከታትለሽ ብታዪ አንዱ ሌላውን አይተካም።

አሁን ጋስ ቫን ሳንትን ተመልከቺ። በ1998 የሂችኮክን «ሳይኮ» ሾት በሾት ሊባል በሚችል መልኩ ደገመው። ብዙ ተቺዎች «ለምን አስፈለገ?» አሉ። እኔ በበኩሌ እንደ ሙከራ እወደዋለሁ። ሥራ ፈላጊ ግን እንደሱ አይቀልድም።

ስለዚህ ስክሪፕት ከመጻፍሽ በፊት አንድ ገጽ ጻፊ። የመጀመሪያው ፊልም ያላየው፣ አንቺ ግን የምታዪው ምንድነው? «ዘመናዊ አደርገዋለሁ» መልስ አይደለም። ታሪኩን በማን ዓይን እንደምናይ፣ ፍርሃቱ ከየት እንደሚመጣ ንገሪን። ገጹ ካልሞላ ሐሳቡ ገና አልበሰለም።

ሙሉ ፊልሙንም አትንኪ። አንድ ትዕይንት ምረጪና በደንብ ሥሪው። ኤገርስ ራሱ ተማሪ ሳለ «ኖስፌራቱ»ን በመድረክ ሠርቶታል። ከዚያ በዲዛይን ሥራ እየተዳደረ ቆየ። ፊልሙን የሠራው ሦስት ሌሎች ፊልሞች ከሠራ በኋላ ነው። አንቺም ከምረቃ በኋላ በረዳት ዳይሬክተርነትም ሆነ በአልባሳት ክፍል ሥራ ካገኘሽ አትግደርደሪ።

መብቱን በተመለከተ፣ የ1922ቱ ፊልም አሜሪካ ውስጥ ለሁሉም ክፍት ነው። የታደሱት ቅጂዎችና አዲስ የተሠራላቸው ሙዚቃ ግን ባለቤት ሊኖራቸው ይችላል፤ ከነሱ ቆርጠሽ እንዳትለጥፊ። ሌላ ፊልም ከመረጥሽ ደግሞ የእኛንም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንብቢ፤ የሰውን ሥራ ለውጦ መሥራት ፈቃድ ይጠይቃል።

ገጹን ስትጨርሺ መጀመሪያ ለአማካሪሽ ስጫቸው። የሚከራከሩሽ ከሆነ ደስ ይበልሽ፤ ዝም ካሉሽ ግን እንደገና ጻፊው።