የዳውላንድን የሉት ፊደል ወደ ኖታና ጊታር ስለመገልበጥ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ «የጆን ዳውላንድን የ1597 (እ.ኤ.አ.) የዘፈን መጽሐፍ ስካን አግኝቻለሁ፤ ወደ ኖታ ገልብጬ በጊታር ተጫውቼ ማጋራት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» የሚል ነው። ዳውላንድ እንግሊዛዊ የዘፈን ደራሲና የሉት ተጫዋች ነው፤ ሉት ጊታር የሚመስል የድሮ የክር መሣሪያ ነው። ከዘፋኙ መስመር ሳይሆን ከሉቱ ጀምሪ። ለምን እንደሆነ ወረድ ብሎ ይገባሻል።

በቅድሚያ ገጹ አያስደንግጥሽ። መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠው እንዲያነቡት የታተመ ነው። ዋናው ዜማና ሉቱ አንድ ገጽ ላይ አብረው ሲሆኑ፣ የቀሩት ሦስት ድምፆች ማዶው ገጽ ላይ በየአቅጣጫው ዞረው ታገኚያቸዋለሽ። ስካኑን እያዞርሽ ለየብቻ ቁረጪያቸው።

የሉቱ ስድስት መስመሮች ስድስቱ ክሮች ናቸው፤ ከላይ ያለው ቀጭኑ ነው። የተጻፉት ፊደሎች የኖታ ስም አይደሉም፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ኤ» ጣት ሳያርፍበት የሚመታ ክር ነው፣ «ቢ» አንደኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የጣት ማረፊያ)፣ «ሲ» ሁለተኛ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። «ጄ» የለም፤ «አይ» ስምንተኛ ከሆነ «ኬ» ዘጠነኛ ነው። (የድጓ ምልክትም ፊደል ነው፤ ግን ያ የዜማውን አካሄድ ያስታውሳል፣ ይሄ የጣትን ቦታ ብቻ ይናገራል።)

ጊታርሽን ለማዘጋጀት ሦስተኛውን ክር ከጂ ወደ ኤፍ ሻርፕ አውርጂ፣ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ የሚጫን መቆንጠጫ) ሦስተኛው ፍሬት ላይ አድርጊ። ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ሲ፣ ጂ ይሆንልሻል፤ የሉቱ ቅኝት ይኸው ነው። ፍሬት ስትቆጥሪ ከካፖው ጀምሪ። ሦስተኛውን ክር ሳታወርጂ ከተጫወትሽ በሱ ላይ ያለው ሁሉ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። ከመስመሮቹ በታች የተጻፈ ፊደል ካየሽ ሰባተኛ ክር ነው፤ ዲ ይሁን ኤፍ ከባሱ ድምፅ ጋር አመሳክሪና አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርገሽ ምቺው።

ከላይ ያሉት የምት ምልክቶች አዲስ ምልክት እስኪመጣ ይጸናሉ። የሚነግሩሽ ቀጣዩ ምት መቼ እንደሆነ እንጂ ድምፁ እስከ መቼ እንደሚቆይ አይደለም። እንዳለ ኮምፒውተር ላይ ከገለበጥሽው ባሱ ቁርጥ ቁርጥ ይልብሻል፤ የባሱን ኖታ ቀጣዩ የባስ ኖታ እስኪመጣ አስረዝሚው።

አሁን ወደ ሉቱ ምክንያት ልመለስ። በዚያ ዘመን የዘፋኝ ኖታ ላይ ሻርፕ (ኖታውን በግማሽ ድምፅ ከፍ የሚያደርገው ምልክት) ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል፤ ዘፋኙ ዜማው ሲያርፍ ራሱ ይጨምረዋል ተብሎ ይታሰባል። የሉት ፊደል ግን ይህን ሊደብቅ አይችልም። ሁለተኛው መስመር ላይ «ዲ» ካለ ኤፍ ነው፣ «ኢ» ካለ ኤፍ ሻርፕ፤ አለቀ። ዘፋኙ ጋ ኤፍ ብቻ ተጽፎ ሉቱ ጋ «ኢ» ካለ ሻርፑን ከኖታው በላይ በትንሹ ጻፊው፣ ያንቺ ጭማሪ መሆኑ እንዲታይ። ሆኖም የዚያ ዘመን የኅትመት «ሲ» «አር» ስለምትመስል ደብዛዛ ስካን ላይ ከ«ኢ» ጋር ትምታታለች፤ እዚያው መስመር ላይ «ሲ» ብትሆን ድምፁ ኢ ነው፣ አንድ ሙሉ ድምፅ ይርቃል። ከተጠራጠርሽ የ1600፣ የ1603፣ የ1606 ወይም የ1613ን ኅትመት ተመልከቺ። ኤፍና ኤፍ ሻርፕ በሁለት ድምፆች ተቀራርበው ቢጋጩ ግን ለማረም አትቸኩዪ፤ የዚያ ዘመን እንግሊዛውያን ደራሲዎች ታሊስና በርድ ሆን ብለው ያደርጉት ነበር፣ የእንግሊዞቹ ወዝ ነው።

ለማጋራት፦ ሙዚቃው ነፃ ነው፣ አዲስ የታረመ ኅትመት ግን ላይሆን ይችላል። በእንግሊዝ የገጽ ቅንብሩ ብቻውን ለ25 ዓመት ይጠበቃል፤ ከሰው ፒዲኤፍ ሳይሆን ከመጀመሪያው ኅትመት ገልብጪ። በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ከዞርሽ እያንዳንዱ ድምፅ በየራሱ መጽሐፍ ከተጻፈባቸው የድሮ የእጅ ጽሑፎች መካከል የባልድዊንም ሆነ በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን የተጻፉት የፒተርሃውስ ጥራዞች የቴኖር (የቀጭኑ የወንድ ድምፅ) መጽሐፋቸው ጠፍቷል። ሙዚቃው ሌላ ቦታ ካልተገኘ በቀር ኅትመት ላይ የምታዪው ቴኖር የዘመናችን ሰው የሠራው ነው፣ ያ ደግሞ ባለቤት አለው። ፋይልሽ ላይ የየትኛው ዓመት ኅትመት እንደሆነ፣ የዘፈኑን ቁጥር፣ የለወጥሽውንና ቅኝቱን ጻፊ። ዩቲዩብ ላይ ማሽኑ ከሌላ ሰው ቅጂ ጋር አምታቶ ቢከስሽ አትደንግጪ፤ አጨዋወቱ ያንቺ፣ ሙዚቃው ነፃ መሆኑን ጠቅሰሽ ተከራከሪ።