የልጅ ይጠባታል፣ የትልቅ ይሰፋታል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ?

የምጽፍልዎት ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ጉዳዬ ለሌላ ሰው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኛ ቤት ግን ማዕድ በቀረበ ቁጥር የሚነሳ ጭቅጭቅ ሆኗል።

የባለቤቴ ታናሽ እህት ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ትዳራለች። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት አዳራሽ፣ በማግስቱ ደግሞ መልሱ አማቴ ግቢ ዳስ ውስጥ ነው። ትልቋ ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ 6ኛ ክፍል ናት። ዘንድሮ ቁመቷ ምዝዝ ብሎ ባለፈው ፋሲካ የለበሰችው ቀሚስ ጉልበቷ ላይ ቀርቷል።

ለእሷ ልብስ ሦስት ሰው ሦስት ነገር ይላል። ሰርጉን የምትመራው የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት፤ ልጄን ከአበባ በታኞቹ ሕፃናት ጋር የተነፋ ሮዝ ቀሚስ አልብሳ ልታሰልፋት አስባለች። ሌሎቹ አበባ በታኞች ገና የወተት ጥርሳቸው ያልተነቀለ ናቸው። አማቴ ደግሞ «የጎንደር ልጅ ጥልፍ ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚት ለብሳ ነጠላዋን ታጣፋለች፤ ሌላ ምን አለ?» ይላሉ። ልጄ የምትፈልገው በስልክ ያየችውን ነው፦ ጥቁር ሽፎን፣ ወገቡ ጥብቅ ያለ፣ ጎኑ እስከ ጭን የተቀደደ፣ ከታኮ ጫማ ጋር። ነጭ እንደማትለብስም ምላለች። «እማዬ፣ ነጭ የሙሽራ ብቻ ነው፤ እንግዳ ከለበሰው ነውር ነው» ትለኛለች። ይህንንም ያገኘችው ከዚያው ከስልኩ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ይዣት ሄድኩ። የልጆቹን ቀሚስ ስትለካ ትከሻው ልክ ሆኖ እጅጌው ከአንጓዋ በላይ ቀረ፣ ጀርባዋም ላይ ተወጠረ። የትልቅ ሰው ትንሹን ስናለብሳት አንገቱ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ ጫፉ መሬት ይጠርጋል። ሻጯ «ግድ የለም፣ ትደርስበታለች» አለችን። ልጄ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ መሬት መሬት ታያለች። ሰውነቷ መለወጥ ከጀመረ ወዲህ ሰው ባያት ቁጥር እንዲህ ነው የምትሆነው። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ «እኔ ሰርጉ ላይ አልገኝም፣ ቤት እጠብቃለሁ» አለች።

የገንዘቡም ነገር አለ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ለአንድ ቀን ተለብሶ ሳጥን ለሚገባ ቀሚስ የደመወዜን ግማሽ ማውጣት አልችልም። ለባለቤቴ እህትስ ማን ምን ብሎ ይንገራት? ልጄም ሳታኮርፍ፣ ቤተሰብም ሳይቀየም እንዴት ልወጣው?

የጨነቃት እናት፣ ከአዘዞ

*

እህቴ፣

መጀመሪያ የነጩን ነገር እንገላገለው። ልጅሽ ያየችው የሌላ አገር ደንብ ነው። እዚያ ነጩን ለሙሽራዋ ይተዉላታል፤ እኛ ዘንድ የመልስ ዕለት ዳሱ ውስጥ ከአያት እስከ ልጅ ነጭ በነጭ ነው፣ ሙሽሪትን የሚለያት ካባዋ ነው። ይህን ስትነግሪያት ግን አትሳቂባት። ልጅቷ እኮ የተጨነቀችው ሰው ቤት ሄዳ ነውር እንዳትሠራ ነው፤ እኔ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር።

የተሰፋ ፍለጋውን ዛሬውኑ ተዪው። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ቁመቷ የትልቅ፣ ትከሻዋ የልጅ ነው፤ ገበያ የተሰቀለው ሁሉ ደግሞ ወይ ለአንዱ ወይ ለሌላው የተቆረጠ ነው። «ትደርስበታለች» የሻጭ ወግ ነው። መድረሱንስ ትደርስበታለች፣ ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው ክርስትና ሲያስነሱ። ስለዚህ ጨርቅ ገዝተሽ አሰፊ። ሲሰፋም አንድ ወጥ ቀሚስ ሳይሆን ጉርዱ ለብቻ፣ ላዩ ለብቻ ይሁን።

ወጥ ቀሚስ ትከሻው ላይ ከጠበበ ቀሪው ደህና ቢሆንም አብሮ ይጣላል። ሁለት ከሆነ ላዩ ቢጠባት ጉርዱ ይቀራል፤ ወገቡ ላስቲክ ከገባበት ለእንቁጣጣሽ ከነጭ ቲሸርት ጋር ትለብሰዋለች። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ሰፊዎች «ለማደጊያ ይተውላት» ሲባሉ ከታች አጥፈው ይተዋሉ። ለፋብሪካ ጨርቅ ጥሩ ነው። ጥለት ላለው ሸማ ግን አይሠራም፤ ጥለቱ ራሱ ጫፉ ላይ ስለሆነ ከታች የሚፈታ ነገር የለም። ትርፉ ከወገብ ይቀመጥ። አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ታጥፎ ከላስቲኩ ጋር ይያዝ፤ ልጅቷ ስትረዝም ከላይ ይፈታል፣ ጥለቱ ከቦታው አይነቃነቅም። ለላይኛው ደግሞ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ጣት ስፌቱ ውስጥ ይቅር። ሰፊው ትርፉን ቆርጦ እንዳይጥለው አጠገቡ ቆመሽ ንገሪው፤ መቀስ ከያዙ በኋላ አይሰሙም።

ወደ ጨርቁ ስንመጣ ሽፎኑን እኔም አልደግፈውም። «ያሳፍራል» ብለሽ ግን አትከልክያት፤ ሰውነቷን ለምትደብቅ ልጅ ይህ ቃል ሌላ ሸክም ነው። ከዚያ የሚሻል ምክንያት አለሽ። ሽፎን ላብ አይመጥም፣ ገላ ላይ ይለጠፋል፣ እሷ የማትፈልገውን ሁሉ ያሳያል። በዚያ ላይ መልስ ነው፤ ቡናው እዚያው ከሰል ተቀጣጥሎ ይፈላል፣ ልጆች በዙሪያው ይራወጣሉ። ሰው ሠራሽ ጨርቅ እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የ12 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለው ነገር ይገባታል። ጥቁሩንም ቢሆን ዳስ ውስጥ ያሉት ባልቴቶች «ማን ሞቶብሽ ነው?» ሳይሏት አያልፉም፤ ይህን አስቀድመሽ ብትነግሪያት እዚያ ሄዳ አትደነግጥም።

ሸማውን ስትመርጪ ማጉ በእጅ የተፈተለውን፣ ወፈር ያለውን ውሰጂ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የጥር ቀን ፀሐዩ ቢያቃጥልም ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዳስ ውስጥ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ጨርቁ መቀስ ሳይነካው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነከርና ጥላ ላይ ይድረቅ። በእጅ የተሸመነ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ከተሰፋ በኋላ ከተሰበሰበ ያ ሁሉ ልኬት ከንቱ ነው። ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ ጥለቱን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሸት አድርጊው፤ ቀለም ከለቀቀ ለሻጩ መልሺለት። በረኪና አጠገቡ እንዳይደርስ። ነጭ ስለሆነ ስስ የጥጥ ገበር ይግባበት፣ ከስር ታይት ትልበስ፤ ያኔ ብትቀመጥም ብትጨፍርም አትሳቀቅም።

አማትሽ ጥልፍ ማለታቸው ካሰቡት በላይ ይጠቅማል። ከአንገት ተነስቶ ወደ ታች የሚወርደው የጎንደር ጥልፍ ጨርቁን ያወፍረዋል፣ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ልጅሽ እጇን እያጣመረች የምትሸፍነውን ጥልፉ ይሸፍንላታል። ይህን በአፍሽ አትንገሪያት። ለብሳው መስታወት ስታይ ይገባታል። ምናልባትም አማትሽ ሳጥን ውስጥ ጨርቁ የሳሳ አሮጌ ቀሚስ ይኖራል፤ ሸማ ቢያልቅ ጥለቱ ቶሎ አያልቅም። ተፈትቶ ለእጅጌው ጫፍ ይሆናል፣ ወጪም ይቀንስልሻል። ሴት አያት ከሳጥኗ ያወጣችውን ልብስ የለበሰች ልጅ ላይ ቁርጭምጭሚት ታየ ብላ አትከራከርም፣ ይህን ደግሞ በደንብ አውቃለሁ።

አሁን ምርጫውን ከልጅሽ ጋር ተካፈዪው። ያንቺ ድርሻ ይህ ነው፦ ጉርዱ ከባቷ በታች ይውረድ፣ እጅጌ ይኑረው፣ ሰውነቷ ላይ አይጣበቅ። የቀረው የእሷ ነው። የአንገቱ ቅርጽ፣ እጅጌው ሰፊ ወይ ጠባብ መሆኑ፣ የጥልፉ ቀለም፣ የመቀነቱ ስፋት፤ ጥቁር ሰማያዊ ክር ከፈለገች ጥቁር ሰማያዊ ይሁን፣ ነጭ ላይ ያምራል። የስልኩንም ሥዕል ለሰፊው ታሳየው። ጎኑ የተቀደደው ይቀርና የአንገቱ አቆራረጥ ሊወሰድ ይችላል። ምረጪ ተብላ መርጣ ስታበቃ «እሱማ አይሆንም» ከምትባል ወሰኑን ከመጀመሪያው ብታውቀው ይሻላታል።

ልክ ስትለብስ መስታወት ፊት ቀጥ ብላ መቆሟ ምንም አይነግርሽም። ዱካ ላይ ትቀመጥ። ሁለት እጇን ወደ ላይ ታንሳ። ከዚያ እዚያው ሱቁ ውስጥ እስክስታ ትውረድ፤ ብታፍር አንቺ ጀምሪላት። የጎንደር ሰርግ ነው፣ ማሲንቆው ሲነሳ ዘመድ እየጎተተ መሃል ያስገባታል። ብብቱ ከያዛት በዚያው ሰዓት ይስፋ።

ቀኑ ጠቧል። በነቢያት ጾም ሰርግ ስለማይደገስ ሁሉም ጥርን ነው የሚጠብቀው፤ ለጥምቀትም ከተማው በሙሉ ያሰፋል። ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀት 11፣ ቃና ዘገሊላ 12 ነው፤ በእነዚያ ቀናት ሰፊውንም ጠላፊዋንም ብትፈልጊ ፋሲል መዋኛ ዳር እንጂ ሱቃቸው አታገኚያቸውም። ለሰፊው የሰርጉን ቀን አትንገሪው፤ ለገና ነው በዪው። ይህ ውሸት ከሆነ የእሱ «ነገ ጠዋት ይደርሳል» ምን ሊባል ነው? የእጅ ጥልፍ ጊዜ ስለሚፈጅ የደረቱን ብቻ በእጅ አስጠልፊ፣ የእጅጌው በመኪና ቢሆን ማንም አጎንብሶ አያይም።

ታኮው ይቅር፤ ቄጠማ የተጎዘጎዘበት አፈር ላይ ይሰምጣል። የራሷን ምርጫ ፍላት ጫማ ግዥላት። ሹሩባ ከፈለገች ከሰርጉ ሁለት ቀን ቀደም ብላ ትሠራ፤ በዋዜማው ከሆነ ራሷን ሲያማት ነው የምትውለው። ስለ ጥፍር ቀለም ከጠየቀችሽ እንሶስላ አለ፣ ከአያቷ ጋር አብረው ያስሩ። ቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ትከናነብ፤ አዳራሽ ስትገባ ነጠላው ይነሳና ወገቧ ላይ መቀነቱ ይታይ። በማግስቱ ለመልሱ ያው ልብስ ነጠላው ተጣፍቶ ይደገማል፤ የሁለት ቀን ልብስ ከአንድ ስፌት ወጣ ማለት ነው።

ወደ አክስቷ ልምጣ። የሚነግራት ባለቤትሽ ነው፤ እህቱ ናት። አንቺ ከተናገርሽ «ሚስቱ እንቢ አለች» ይባላል፣ ወሬውም ሰርጉ ካለፈ በኋላ ይኖራል። እሱም እንቢታ ብቻ ይዞ አይሂድ። እነዚያ ሕፃናት መሃል መንገድ ላይ ቆመው የሚያለቅሱ፣ የበተኑትን አበባ ተቀምጠው የሚለቅሙ ናቸው፤ እጃቸውን ይዞ የሚያስኬዳቸው ትልቅ ልጅ የግድ ነው። ልጅሽ እነሱን ትምራ። ለእሷ ማዕረግ ነው፣ አክስቷም በዚያ ቀን ስንት የምታስበው አላት። ከሮዙ ጨርቅ ቁራጭ ትስጣትና መቀነቷ ከእሱ ይሰፋ፤ ፎቶው ላይ ከሕፃናቱ ጋር ትገጥማለች፣ አክስቷም የመረጠችው ቀለም አልተናቀም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን የሮዙ ቀሚስ በልጅሽ ልክ ሳይቆረጥ ነው። ባለቤትሽ ለእሁድ ቡና ብሎ እንዳያቆየው፤ ዛሬ ማታ ይደውልላት።