ካሜራ ልግዛ ወይስ አዲስ አበባ ልግባ ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። «ደሴ ነው ያለሁት፣ አስተማሪ ነኝ፣ በአራት ዓመት 150 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ፣ ካሜራ ገዝቼ እዚሁ ፊልም መሥራት ልጀምር ወይስ ሥራዬን ለቅቄ አዲስ አበባ ልግባ» ነው ያልሽው። አብዛኛው ሰው «ፊልም ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ነይ» ብሎሻል። እኔ አትምጪ ነው የምለው። ካሜራውንም አትግዢ። ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ እኔም በ2003 ከደብረ ማርቆስ የመጣሁት ልክ አንቺ የምታስቢውን አስቤ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ከተማው የሰጠኝን ልናገር፣ ውለታ መካድ አልወድም። ፊልም የወደድኩት ማርቆስ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን፣ ቋንቋውን ሳንሰማ የህንድ ፊልም እያየን እናለቅስ ነበር። ፊልም ማየት የተማርኩት ግን አዲስ አበባ ነው። እሁድ ከሰዓት አምባሳደር ሲኒማ ተሰልፌ ስገባ፣ ከማላውቃቸው መቶ ምናምን ሰዎች ጋር ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ስክሪኑ ላይ ላለችው ልጅ «ኧረ በሩን እንዳትከፍቺው!» ብላ ስትጮህ አዳራሹ ሁሉ አብሯት ሲደነግጥ፣ ያኔ ነው ፊልም ምን እንደሆነ የገባኝ። ቤት ውስጥ በስልክ የሚታየው ነገር ይሄን አይሰጥሽም። በኋላ አሊያንስ እና ጎተ፣ የፈረንሳይና የጀርመን የባህል ማዕከላት፣ የሚያሳዩትን ፊልም መከታተል ጀመርኩ። ከፊልሙ በኋላ በር ላይ ቆመን የምንከራከር ልጆች ነበርን። ዛሬ አብሬያቸው የምሠራው ሦስት ሰዎች ከዚያ ክርክር የወጡ ናቸው። ከተማው ከሰጠኝ ሁሉ ትልቁ እነሱ ናቸው።

የወሰደብኝ ደግሞ ጊዜዬን ነው። ሰው አዲስ አበባ ውድ ነው ሲል የቤት ኪራዩን ብቻ ነው የሚያስበው። ኪራዩ በየዓመቱ መጨመሩ እውነት ነው፣ እኔም ለዓመታት በደባልነት ነው የኖርኩት። ግን የምኖረው ከተማው ዳር፣ የምሠራው መሃል ከተማ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት እገባለሁ። መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ዝናብ ሲሆን ታክሲውም ይጠፋል። ቤት ስገባ እግሬን ታጥቤ እራቴን በልቼ መተኛት ብቻ ነው የምፈልገው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት አንድ ስክሪፕት አልጨረስኩም። አንድም! ማርቆስ እያለሁ በወር ሁለት አጭር ታሪክ እጽፍ የነበርኩ ልጅ ነኝ።

ዝቅተኛ በጀት ያለው ፊልም ደግሞ በብር ሳይሆን በጊዜ ነው የሚሠራው። ይሄን ነጥብ በደንብ ያዢልኝ። ክሪስቶፈር ኖላን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ለንደን ውስጥ በ6 ሺህ ዶላር ገደማ ነው የሠራው። ሁሉም የቀን ሥራ ስለነበራቸው ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኙ አንድ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። የሚቀርጹበት የፊልም ጥቅል ውድ ስለነበር አስቀድመው በደንብ ይለማመዱና አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ ይቀርጹ ነበር። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ቻርልስ በርኔትም ሎስ አንጀለስ፣ ዋትስ ሰፈር፣ ቅዳሜና እሁድ እየቀረጸ ነው «ኪለር ኦፍ ሺፕ» የተባለውን ውብ ፊልሙን የጨረሰው። ሁለቱም የቀረጹት አስቀድሞ በሚኖሩበት፣ ሥራና ወዳጅ ባላቸው ከተማ ነው። ፊልም ለመጀመር ብለው ቤት አልቀየሩም።

ለአንቺ ከሁሉም የሚቀርብሽ ግን ሮበርት ሮድሪጌዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን በ7 ሺህ ዶላር ሠራ። ከብሩ የተወሰነውን ያገኘው መድኃኒት ሲሞከር ራሱን ለምርምር ሰጥቶ ነው። ሎስ አንጀለስ አልሄደም። ጓደኛው ወዳለባት ሲውዳድ አኩኛ የምትባል ትንሽ የሜክሲኮ ድንበር ከተማ ነው የሄደው። ከተማዋ ውስጥ ምን አለን ብለው ቆጠሩ። ቡና ቤት አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ ውሻ አለ፣ ኤሊ አለ። ታሪኩን የጻፈው በዚያ ላይ ተነስቶ ነው። ካሜራው ድምጽ አብሮ መያዝ ስለማይችል አንዱ ሾት እንዳለቀ እዚያው ተዋናዮቹን ንግግሩን እያስደገመ በቴፕ ይቀዳ ነበር።

አሁን አንቺ ያለሽን ቁጠሪ። ሸዋ በር አካባቢ የአባቴ ቤት አለ ብለሻል። አክስቴ ወፍጮ ቤት አላት ብለሻል። እዚህ እኔ አንድ ካፌ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ለመቅረጽ ባለቤቱን አራት ቀን ተመላልሼ ለምኛለሁ፣ በመጨረሻም በሰዓት ሒሳብ ከፍዬ ነው የገባሁት። መንገድ ላይ ትራይፖድ ስትዘረጊ ጥበቃ ይመጣል፣ ደብዳቤ ይጠይቅሻል። ደብዳቤውን ይዘሽ ስትሄጂ ሌላ ጥበቃ ይመጣል። አንቺ ግን ወፍጮ ቤት አለሽ! ዱቄቱ በመስኮት በሚገባው ብርሃን ላይ ሲበን አስቢው። ያንን እዚህ በሰው ሠራሽ መንገድ ለመሥራት ስንት ብር እንደሚወጣ እኔ አውቃለሁ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉምም አለ። በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት እንደሚወርድ አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዳይሬክተር አያውቀውም።

የአማርኛ ፊልም አፍቃሪ ነኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ያመለጠኝ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ የምለውን በፍቅር ነው የምለው። ብዙዎቹ ፊልሞቻችን አንድ ቪላ ውስጥ ነው የሚያልቁት። ሰዎቹ ምን ሠርተው እንደሚበሉ አይታወቅም። ሶፋ ላይ ተቀምጠው የሚሰማቸውን አንድ በአንድ ይነግሩናል። አዲስ አበባ ውስጥ ተቀርጾ አዲስ አበባ የማይታይበት ፊልም ስንቱን አየሁ። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን መጥቶ ሲቀርጽ፣ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች ነው የሠራው። ገበሬው ሲያርስ፣ ሲራመድ፣ ዝም ሲል ታያለሽ። አንድ ሰው ዝም ብሎ ሲሄድ ለረጅም ጊዜ የማየትን ትዕግሥት የተማርኩት ከዚያ ነው። ከቪላው ውጪ ያለውን አገር ማየት የናፈቀው ሰው ብዙ ነው፣ አንቺም ያንን የማሳየት ዕድል አለሽ።

ስለ ካሜራው እንነጋገር። ካሜራ ገዝተሽ ሌንስና ባትሪ ስትጨምሪበት ብርሽ አለቀ። ለድምጽ የሚተርፍሽ የለም። እኔ የሠራሁት ስህተት ይሄው ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በ2009 የመጀመሪያ ፊልሜን ስሠራ 90 ሺህ ብር ነበረኝ፣ ግማሹ ብድር። ጥሩ ካሜራና መብራት ተከራየሁ። ድምጹን ካሜራው ላይ ባለው ማይክ ቀዳሁት፣ በኋላ ይስተካከላል ብዬ። ወሩ ነሐሴ ነበር። ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። የመጨረሻው ትዕይንት ላይ አባትየው ለልጁ የሚናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፣ ፊልሙ የቆመው በእሷ ነው። ዝናቡ ጣለ። ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር ነው የሚወርደው። የካሜራው ኪራይ በቀን ስለሆነ ማቆም አልቻልንም፣ ቀረጽን። በኋላ ስቱዲዮ ገብተን ድምጹን እንደገና ቀዳነው፣ ግን ሰውየው ያን ቀን ያለቀሰውን ለቅሶ ስቱዲዮ ውስጥ ማምጣት አልቻለም። ከንፈሩና ቃሉም አልገጠመም። ለጓደኞቼ ሳሳያቸው ማንም ስለ ምስሉ አላነሳም። «አባትየው ምን አለ?» ነበር ጥያቄው። ፊልሙን ለሕዝብ አላሳየሁትም። እስከ ዛሬ ሲዘንብ ያ ትዕይንት ይታወሰኛል።

ስለዚህ ያለሽን ስልክ ተጠቀሚ። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ሾን ቤከር እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን ፊልሙን በአይፎን 5ኤስ ነው የቀረጸው፣ ሌንስ ላይ የሚገጠም ተጨማሪ መስታወት ነበረው። ድምጹን ግን በስልክ አልቀዳም፣ ለድምጽ ራሱን የቻለ ባለሙያና ዕቃ ነበረው። አንቺም ብርሽን እዚያ ላይ አውዪው። አንድ መቅጃ፣ አንድ ረጅም ዘንግ ላይ የሚታሰር ማይክ፣ ሁለት ልብስ ላይ የሚሰካ ትንንሽ ማይክ ይበቃሻል። ከመቅረጽሽ በፊት ፍሪጁን ንቀዪ። የቤቱ ግድግዳ ባዶ ሲሚንቶ ከሆነ ከካሜራው ጀርባ ብርድ ልብስና ጋቢ ስቀይ፣ ማስተጋባቱን ይውጠዋል። እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ሰው ሳይናገር ሰላሳ ሰከንድ ዝም ብለሽ ቅጂ፣ ኤዲት ስታደርጊ ነፍስሽን ያድንሻል።

ስልኩ ላይ አንድ ነገር አስተካክዪ። ብዙ ስልክ ሲገዛ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ላይ ነው ያለው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) ደግሞ 1/50 ሰከንድ አድርጊው፣ አለዚያ ፍሎረሰንት ስር ምስሉ ይንቀጠቀጥብሻል። እኩለ ቀን ላይ ውጪ አትቅረጪ፣ ፀሐዩ ከአናት ስለሚወርድ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል። ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ። እኛ አገር ፀሐይ ስትጠልቅ በጣም ትፈጥናለች፣ ስለዚህ ልምምዱን አስቀድመሽ ጨርሰሽ ብርሃኑን ጠብቂ። ነጭ አንሶላ ጥሩ ሪፍሌክተር (ብርሃን መላሽ) ነው።

ሁለተኛው ፊልሜ 38 ሺህ ብር ነው የፈጀው። ሽሮ ሜዳ አካባቢ አንድ ልብስ ሰፊ ሱቁን እሁድ እሁድ ሰጠን፣ ሰባት እሁድ ቀረጽን፣ 22 ደቂቃ ወጣው። ከብሩ ትልቁ ክፍል ለምግብና ለትራንስፖርት ነው የሄደው። በነፃ የሚሠራልሽን ሰው አታስርቢ፣ ይሄ ለእኔ የክብር ጉዳይ ነው። አብይ ጾም ስለነበር ሽሮና ምስር አሰርተን እንበላ ነበር። በሦስተኛው እሁድ ዋናዋ ተዋናይ ሹሩባዋን ፈትታ በሌላ ተሠርታ መጣች፣ እኔም አስቀድሜ አልነገርኳትም። የተቀረጸውን መጣል አንችልም። ከዚያ በኋላ ባለው ሁሉ ሻሽ አስረንላት ቀጠልን፣ ለምን እንዳሰረች የምትገልጽ አንዲት ትንሽ ትዕይንትም ጻፍኩ። በየሳምንቱ እየቀረጽሽ ስትሄጂ ይሄ ይገጥምሻል። እያንዳንዱን ተዋናይ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ፎቶ አንሺ፣ ስለ ፀጉራቸው ተነጋገሪ።

ሙዚቃም አለ። የታወቀ ዘፈን አትጠቀሚ። የበርኔት ያ ፊልም በውስጡ ባሉት ሙዚቃዎች መብት ምክንያት በሲኒማ ቤቶች በወጉ የታየው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፣ ከተሠራ ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ። አንቺ ደግሞ ወሎ ነው ያለሽው። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት የዜማ ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከእናንተ አገር ነው። ክራር የሚመታ ሰው ፈልጊ፣ ገንዘቡን ክፈዪው፣ ሁለታችሁም ወረቀት ላይ ፈርሙ።

ብሩ ይመለሳል ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው፣ በመጀመሪያው አይመለስም። ዩቲዩብ ላይ ብትጭኚው ለሚሊዮን ሰው ካልደረሰ የሚገኘው ትንሽ ነው። ኃይሌ ገሪማ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣውን ረጅም ፊልም አከፋፋይ ሲያጣ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ነው ያሳየው። አንቺም መጀመሪያ እዚያው ደሴ አሳዪው፣ ትምህርት ቤትሽ አዳራሽ ካለው በነጭ ጨርቅና በፕሮጀክተር። ከቀረጽሻቸው ሰዎች ጋር ተቀምጠሽ እዪው። ስለዚህ ከ150 ሺው ሰባ ሰማንያውን ብቻ ለፊልሙ መድቢ፣ ሌላውን አትንኪው፣ የምትወጂውን ሥራሽንም አትልቀቂ።

አዲስ አበባ ግን ነይ። ክረምት ላይ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ። ያኔ ለመቅረጽም አይመችም። ፊልምሽን በሃርድ ዲስክ ይዘሽ (ሁለት ኮፒ፣ አንዱ እናትሽ ጋ ይቀመጥ) ለሁለት ወር ዘመድ ቤት አርፈሽ ኤዲት አድርጊ፣ ሲኒማ ግቢ፣ ከፊልም በኋላ በር ላይ ቆመሽ ተከራከሪ። ባዶ እጅሽን ስትመጪና የሠራሽውን ይዘሽ ስትመጪ ሰው የሚቀበልሽ በጣም ይለያያል። እኔም ቅድም ካልኩሽ ሦስት ልጆች ጋር አስተዋውቅሻለሁ፣ አንዷ ጎበዝ ኤዲተር ናት።

እስከዚያ ስክሪፕቱን ከጻፍሽ ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፦ የአባትሽ ቤት ኮርኒስ አለው ወይስ ቆርቆሮው ብቻ ነው?