የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለባንክ ፈተና የኮምፒውተር ክፍል እንዴት ልዘጋጅ?

ጥያቄ፦ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ በመፈለግ ላይ እገኛለሁ። በቅርቡ አንድ ባንክ ባወጣው የቅጥር ማስታወቂያ ተመዝግቤያለሁ። የሒሳቡና የእንግሊዝኛው ክፍል ብዙም አያሰጋኝም፤ የኮምፒውተሩ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ጓደኞቼ በቴሌግራም የሚዘዋወር የጥያቄና መልስ ስብስብ ልከውልኛል። እሱን በቃሌ ብይዝ ይበቃኛል? የራሴ ኮምፒውተር የለኝም፤ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው።
(ከሐይቅ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስብስቡ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚመጣ ለማየት ይጠቅምዎታል፤ መልሶቹን በቃል ሸምድዶ ወደ ፈተና አዳራሽ መግባትን ግን አልመክርዎትም። አንደኛ፣ እንዲህ ያሉ ስብስቦች ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ያረጁ መልሶች ይቀሩባቸዋል። የኤክሴል ሉህ 65,536 ረድፍና 256 ዓምድ አለው የሚል መልስ ካገኙ፣ ያ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በወጣው ሥሪት ትክክል የነበረ ነው፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. ሥሪት ጀምሮ ግን ቁጥሩ 1,048,576 ረድፍና 16,384 ዓምድ ሆኗል። ሁለተኛ፣ ጥያቄ አውጪው ቁጥሩን ወይም አነጋገሩን ጥቂት ከቀየረው፣ የተሸመደደው መልስ ከነጭራሹ ያሳስታል።

ብዙውን ጊዜዎን ለኤክሴል እንዲሰጡ እመክራለሁ፤ ፈተናውን ቢያልፉ ከነገ ጀምሮ የሚሠሩበት መሣሪያ ነውና። ለምሳሌ በ«ቢ» ዓምድ ከ«ቢ2» ጀምሮ የአምስት ተበዳሪዎችን የብድር መጠን፣ በ«ኢ1» ደግሞ የወለድ መጣኙን፣ 15 በመቶ ብለው ይጻፉ። በ«ሲ2» ላይ «ቢ2»ን በ«ኢ1» የሚያባዛ ቀመር፣ የእኩል ምልክት አስቀድመው፣ ያስገቡና ወደ ታች ይጎትቱት። የመጀመሪያው ተበዳሪ ወለድ ትክክል ሆኖ ይወጣል፤ የቀሩት አራቱ ግን ዜሮ ይሆናሉ። ምክንያቱም ቀመሩ አንድ ረድፍ ሲወርድ «ኢ1» ወደ «ኢ2» ይለወጣል፤ «ኢ2» ደግሞ ባዶ ነው። ቀመሩን ሲያስተካክሉ «ኢ1» ላይ ቆመው ኤፍ 4ን ቢጫኑ ከፊደሉና ከቁጥሩ በፊት የዶላር ምልክት ይገባል፤ ያን ጊዜ አድራሻው አይንቀሳቀስም። የዶላር ምልክቱ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ጥያቄ በየትኛውም መልክ ቢመጣ፣ ይህን አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ሰው አይሳሳትም።

በ0 እና በ1 ብቻ የሚጻፈውን የሁለትዮሽ ቁጥርንም አይፍሩት። 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ብለው በአንድ መስመር ይጻፉ። 200ን ለመለወጥ ከትልቁ ጀምረው የሚያስፈልጉትን ይምረጡ፦ 128፣ 64 እና 8 ሲደመሩ 200 ይሆናሉ፤ በእነዚህ ሥር 1፣ በቀሩት ሥር 0 ሲያኖሩ 11001000 ያገኛሉ። ከዚሁ ጋር ቢትንና ባይትን ለይተው ይያዙ፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚያወርድ መስመር 60 ሜጋባይት ፋይል ለማውረድ 60 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ 60ን ለ8 አካፍሎ 7.5 ሰከንድ የሚል ተፈታኝ ግን ነጥቡን ያጣል።

ራምን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና ሃርድ ዲስክን (ፋይል በቋሚነት የሚቀመጥበትን) በተመለከተ፣ በጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ሲያስጽፉ መብራት የጠፋበትን ጊዜ ያስታውሱ። ሴቭ ከመደረጉ በፊት መብራት የሄደበት ጽሑፍ የሚጠፋው በራም ላይ ብቻ ስለነበረ ነው፤ ራም ኃይል ሲቋረጥ ይዘቱን ያጣል፣ ሃርድ ዲስክ ግን አያጣም።

የኮምፒውተር ትውልዶችን በተመለከተ የቫኪዩም ቲዩብ፣ የትራንዚስተር፣ የተቀናጀ ሰርኪውትና የማይክሮፕሮሰሰር ቅደም ተከተልን ማወቅ ይበቃል፤ ረጅም ጊዜ አይስጡት።

ደኅንነትን ግን በቁም ነገር ያጥኑ፤ ለባንክ ሠራተኛ የደንበኛ አደራ ነው። ቫይረስ ከሌላ ፋይል ጋር ተጣብቆ ፋይሉ ሲከፈት ይሠራል፤ ዎርም በራሱ በኔትወርክ ይራባል፤ ትሮጃን ጠቃሚ ፕሮግራም መስሎ ይገባል። ከባንክ የተላከ መስሎ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ መልእክት ደግሞ ፊሺንግ ይባላል። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መኖሩንም ይወቁ።

ስልክ ብቻ መያዝዎ አያግድዎትም። ኤክሴል በስልክም ስለሚሠራ ቀመሮቹን በዚያ ይለማመዱ። የቁልፍ ሰሌዳ አቋራጮችን ግን ያለ ኮምፒውተር እጅዎ አይለምዳቸውም፤ ስለዚህ ለገበያ ደሴ በሚወጡበት ቀን ኢንተርኔት ቤት ገብተው በሰዓት እየከፈሉ ይለማመዱ። ከመሄድዎ በፊት የሚሠሩትን በወረቀት ጽፈው ቢይዙ የከፈሉበት ሰዓት አይባክንም። ከስብስቡ የተጠራጠሩትን መልስም እዚያው በማሽኑ ላይ ሞክረው ያረጋግጡ።

በፈተናው ዕለት መመሪያውን ሳያነቡ አይጀምሩ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ የሚቀነስ ከሆነ ያላወቁትን ይለፉት፤ የማይቀነስ ከሆነ ግን አንድም ጥያቄ ባዶ አይተዉ።