ሌላ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት የሚመለሰውን ውሃ ሙቀት ለካ

ሰላም ወንድሜ። ያልከውን እንደተረዳሁት፦ ሕንፃው አሮጌ አፓርትመንት ነው፣ ባለ ሁለት ቧንቧ የእንፋሎት ማሞቂያ። ቤዝመንት ያለው የኮንደንሴት ፓምፕ (እንፋሎቱ ቀዝቅዞ የሆነውን ውሃ ከታንኩ ወደ ቦይለሩ የሚመልሰው) ይጮኻል እንጂ ውሃ አይገፋም፣ ታንኩ ሞልቶ ወለል ላይ ይፈሳል። ፓምፑ አምና ተቀይሯል፤ አሁን አለቃህ ሌላ ይገዛ ይላል። እባክህ ትንሽ አስታግሰው። እኔም ዋሽንግተን ውስጥ እንዲህ ያሉ ሕንፃዎች ላይ ነው የምሠራው። አዲስ ፓምፕ በዓመቱ ሲበላሽ መጀመሪያ የምጠረጥረው ወደ ታንኩ የሚመጣውን ውሃ ነው።

ታንኩ በቬንት ቧንቧው በኩል ለአየር ክፍት ነው። ውሃው ለመፍላት ተቃርቦ ከገባ፣ ኢምፔለሩ (ፓምፑ ውስጥ የሚዞረው መዘውር) ሲስበው ግፊቱ ስለሚወርድ ከፊሉ እዚያው እንፋሎት ይሆናል። ፓምፑ እንፋሎት መግፋት አይችልም፤ ጠጠር የሚፈጭ ዓይነት ድምፅ ያሰማል፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ሲልም (seal) ቶሎ ይበላሻል። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ፓምፖች የሚችሉት እስከ 200 ፋራናይት አካባቢ ነው፤ ያንተን ከሰሌዳው ላይ አንብብ። (አዲስ አበባ የምትሠሩ፣ እዚያ ውሃ በ92 ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ ይህ ችግር ቀድሞ ይመጣባችኋል።)

ስለዚህ ቴርሞሜትር ይዘህ ታንኩ አጠገብ ያለውን የመመለሻ ቧንቧ ለካ። ከ180 ፋራናይት በታች ከሆነ ደህና ነው። ወደ 200 ከተጠጋ፣ ወይም ከቬንቱ ያለማቋረጥ እንፋሎት ከወጣ፣ ስቲም ትራፖቹ (ውሃውን አሳልፈው እንፋሎቱን የሚያስቀሩት ቫልቮች) ክፍት ሆነው ቀርተዋል ማለት ነው። እንፋሎቱ አስቸገረ ብሎ ቬንቱን የሚደፍን ሰው አጋጥሞኛል። በፍጹም እንዳታደርገው! ታንኩ ግፊት እንዲይዝ አልተሠራም፣ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ትራፕ ስትፈትሽ ከራዲያተሮቹ አትጀምር። በዋናው የእንፋሎት ቧንቧ መጨረሻ ላይ ካሉት ትልልቆቹ ጀምር፤ ከእነሱ አንዱ ክፍት ከሆነ የመመለሻውን መስመር በሙሉ ስለሚያሞቀው ደህናዎቹም የተበላሹ ይመስሉሃል። እነዚህን ካስተካከልክ በኋላ ወደ ራዲያተሮቹ ውጣ። የራዲያተር ትራፕ ብዙ ጊዜ ሙሉ አካሉ አይቀየርም፤ ቦይለሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ይፈታና የውስጡ ኤለመንት ብቻ ይተካል። እኔ የምመክረው ሁሉንም በአንድ ወቅት መቀየር ነው። እያንዳንዱን ሲበላሽ እየጠበቁ መቀየር ገንዘብ የሚያድን ይመስላል፣ ግን ባልተቀየሩት በኩል ያለፈው እንፋሎት አዲሶቹንም ይጎዳቸዋል።

የሚመለሰው ውሃ ቀዝቃዛ ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ቼክ ቫልቩን (ውሃ ከቦይለሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለውን) ተመልከት። የፓምፑን ብሬከር አጥፋ። ፓምፑ ቆሞ ሳለ የመውጫ ቧንቧው እስከ ፓምፑ ድረስ ከጋለና የታንኩ ውሃ ከጨመረ፣ በመውጫው ላይ ያለውን የእጅ ቫልቭ ዝጋ። ውሃው መጨመሩን ካቆመ ቼክ ቫልቩ አይዘጋም፣ ቦይለሩ የፈላ ውሃውን ወደ ኋላ እየመለሰ ነው። ፓምፑን መልሰህ ከማስነሳትህ በፊት የእጅ ቫልቩን መክፈት እንዳትረሳ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ፓምፑ አዲስ ስለሆነ፦ ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ በቀስቱ አቅጣጫ መዞሩን አረጋግጥ፤ ገመዱ ተገላብጦ ከታሰረ እየዞረም ውሃ በደንብ አይገፋም። ማጣሪያው በዝገት አለመደፈኑንና ፍሎቱ (ታንኩ ውስጥ ከውሃው ጋር የሚወጣና የሚወርደው ተንሳፋፊ) ተቀርቅሮ አለመያዙንም እይ።

አታዘግዩት። ወለል ላይ በፈሰሰው ፋንታ ቦይለሩ አዲስ ውሃ ይወስዳል፣ አዲስ ውሃ ኦክስጅን ይዞ ይገባል፣ ኦክስጅኑ ብረቱን ይበላዋል። ከፓምፕ ይልቅ ቦይለር መቀየር እጅግ ውድ ነው።

ስትለካ ቁጥሩን እዚሁ ጻፍልኝ። ፓምፑን የሚያስነሳው የታንኩ ፍሎት ነው ወይስ የቦይለሩ ውሃ መጠን መቆጣጠሪያ? እሱንም ንገረኝ፤ የቦይለሩ ከሆነ የታንኩን ስፋት ጭምር ማየት አለብን።