ውርጭ ላይ ያደረ ፍራሽ ትኋኑ ይሞታል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የምጽፍላችሁ ከደላንታ ወገል ጤና ነው። እኛ ጋ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ያኔ ዝንቡ ድርግም ብሎ ይጠፋል፣ ትንሽ ሲሞቅ ደግሞ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ግርር ይላል። ቁንጫና ትኋኑማ ጭራሽ አይጠፋም። ብርዱን እንዴት ነው የሚችሉት? ጎረቤቶቼ ፍራሹን ውጭ ውርጭ ላይ አሳድሪው፣ ትኋኑ ያልቃል አሉኝ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ ከፍራሹ ልጀምርልሽ፣ አያልቅም። ትኋንን በብርድ ለመግደል ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሆነ ፍሪዘር ውስጥ 4 ቀን ያህል ማቆየት ይፈልጋል፣ የኛ ውርጭ ግን ሊነጋ ሲል ለጥቂት ሰዓት ዜሮ አካባቢ ወርዶ ፀሐይ ስትወጣ ያበቃለታል፣ እሱም ሳሩን ነው የሚያነጣው እንጂ ፍራሹ ሆድ ውስጥ አይገባም። ብርዱ የሚያደርገው ማደንዘዝ ብቻ ነው። ነፍሳት እንደኛ የራሳቸው ሙቀት ስለሌላቸው አየሩ ሲቀዘቅዝ አብረው ይቀዘቅዛሉ፣ መንቀሳቀስም መራባትም ያቆማሉ፣ ምግብም ብዙ አያምራቸውም። ትኋን በቀዝቃዛ ቤት ደም ሳይቀምስ ወራት የሚቆየው በዚህ ነው፣ ስለዚህ ሰው ለ2 እና 3 ወር ያልተኛበት አልጋ ንጹህ ነው ብላችሁ እንግዳ አታስተኙበት።

በረዶ ወራት በሚቆይበት የፈረንጅ አገር ያሉ አንዳንድ የዱር ነፍሳት ሰውነታቸው እንዳይረጋ ግሊሰሪን ያመርታሉ፣ አዎ ያው ፊታችንን የምንቀባውን። የኛ የቤት ነፍሳት ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርግላቸዋል፣ ሙቀቱን እኛው እየሰጠናቸው።

ዝንቡን ማየት ከፈለግሽ ጠዋት በዚያ ብርድ የፍግ ክምሩን በእንጨት ፈልቀቅ አድርጊው፣ እንፋሎቱ ቡልቅ ይላል። ፍጉ ሲብላላ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ ላዩ ውርጭ ለብሶ ውስጡ ግን ነጫጭ ትሎቹ ይርመሰመሳሉ፣ ከየት መጣ ያልሽው ዝንብ ይሄው ነው። ክንፍ አውጥቶ ያደገውም ዝንብ ቢሆን ከብቶቹ ጋ፣ ጭስ ቤት ጣሪያ ስር ተለጥፎ ያድራል። ትሉ እርጥበት ካጣ ስለሚሞት እበቱን ሳትከምሪ በስሱ ኩበት ጠፍጥፈሽ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ትልቅ መድኃኒት ነው፣ እናቶቻችን ለማገዶ ብለው የሚሰሩት ስራ ዝንቡንም እየቀነሰልን ነው የኖረው። የቀረውን ክምር ከቤት ራቅ አድርጉት።

ቁንጫ ደግሞ የሚገርም ነው። እጩ፣ ማለት ገና ትል የሆነው ልጁ፣ አፈር ወለሉ ላይ ካደገ በኋላ በሐር ክር ራሱን ይጠቀልልና ክሩ ስለሚያጣብቅ አቧራ ይለብሳል፣ በቃ ጥራጊ ነው የሚመስለው፣ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ አታውቂውም። እዛ ውስጥ ለወራት ይጠብቃል፣ የሚያስወጣው የእግር ንዝረት፣ የሰውነት ሙቀትና ትንፋሽ ነው። ተዘግቶ የከረመ ቤት ገና ስትገቢ ቁንጫው እግርሽን የሚወርረው ለዚህ ነው። ውሃ እያርከፈከፍሽ ጥረጊ፣ ጥራጊውን አቃጥዪው፣ ወለሉን ለቅልቂው ስንጥቁ ይደፈናል።

ቅማል ብርዱን የሚያሳልፈው እኛው ላይ ነው፣ የልብስ ቅማል እንቁላሉን ስፌት ላይ ይደረድራል፣ ከሰው ከተለየ ግን ሳምንት አይዘልቅም። ቀልድ አይደለም፣ ተስቦና ግርሻ የሚባሉትን የትኩሳት በሽታዎች የሚያስተላልፈው እሱ ነው፣ ብርድ ሲሆን ልብስ ይደረባል፣ እጥበት ይቀንሳል፣ ያኔ ይበዛል። ልብሱ ይቀቀል። ደሴ ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ደግሞ ያቺ ትንሿን በረሮ ፍሪጁ ጀርባ ሞተሩ ጋ ፈልጓት፣ ያለሱ ሙቀት ብርዱን አትችለውም።

ወደ አንቺ ትኋን ልመለስና፣ የሚገድለው ሙቀት ነው። አንሶላና ልብሱን ቀቅዪ፣ በአልጋው መገጣጠሚያ የፈላ ውሃ አፍስሺ፣ መደብ ከሆነ ስንጥቁን በጭቃ ምረጊው፣ በሳምንት በሳምንቱ ድገሚው እንቁላሉ ስለሚፈለፈል። አደራ የምልሽ ግን የነቀዝ ክኒን አልጋ ስርም ሆነ ሰው የሚተኛበት ክፍል እንዳታስቀምጪ፣ ክኒኑ ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ጋዝ ተኝቶ ያለ ሰው ይገድላል፣ ቀድሞ የሚጎዳው ደግሞ ሕፃን ነው። ቤት ውስጥ ካለ ዛሬውኑ አውጪው።