ባለቤቷ ርዕሰ መምህር ለሆነ እህታችን፦ ወረቀቱን ተጠንቀቂ

ሰላም እህቴ፣ ግሩፑ ላይ የጻፍሽውን ጥያቄ አነበብኩት። ባለቤትሽ የሁለተኛ ደረጃ ርዕሰ መምህር ነው፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቡ ይመታል፣ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ያስመልሰዋል። ጅማ ውስጥ የት ላሳክመው፣ ከታወቀበትስ ከኃላፊነቱ ያነሱታል ወይ ነው ያልሽው። ከሥር «እረፍት ያስፈልገዋል» ያሉሽ ልክ ናቸው፣ ግን እረፍቱን ማን ይፈርምለታል? እኔ እዚሁ ጅማ ዞን ምክትል ርዕሰ መምህርት ሆኜ በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ሕክምናው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ከደቡብ ምዕራብ ብዙ ሰው የሚመጣው እዚያ ነው። አማኑኤል ካልወሰድነው የሚሉ ዘመዶች ይኖሩሻል፣ እዚሁ ጀምሩ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉና ጠዋት በጊዜ ሂዱ። ጫት የሚቅም ከሆነ ለሐኪሙ አይደብቅ። (አይቅምም ካልሽኝ ይቅርታ፣ ግን ጅማ ነው ያለነው፣ የፈተና ወረቀት ምን እየተቃመ እንደሚታረም እናውቃለን።) ጫት ራሱ እንቅልፍ ስለሚነሳ ሐኪሙ ካላወቀ ነገሩ ይምታታበታል። ቡናም ከሰዓት በኋላ ይቅርበት።

2. መድኃኒት ከታዘዘለት ቶሎ አትጠብቁ። የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፣ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ማቅለሽለሽ ወይም ድብት ማለት ሊኖር ይችላል። ብዙ ሰው እዚህች ጋ ነው «ባሰብኝ» ብሎ የሚጥለው። ሲሻለውም ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳያቆም። ጠበልም ይሁን ዱዓ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ይሁን፣ በእሱ ከቤተሰብ ጋር አትጣዪ። ግን «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ቀጠሮ ምናምን አትበዪ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። ቤት ውስጥ የእህል ተባይ መድኃኒት ካለም ዛሬውኑ አስወጪ።

3. ወረቀቱ። እኔን ያቃጠለኝ በሽታው አይደለም፣ እሱ ነው።

ሐኪሙ እረፍት አዘዘልኝ። ማስረጃውን ይዤ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። የሰው ኃይሉ ልጅ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና ምን አደረገ መሰለሽ? ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ዞሮ «ይሄ የምን በሽታ ነው?» ብሎ ጮክ አድርጎ ጠየቀ። ክፍሉ ዝውውር በሚጠይቁ መምህራን ጢም ብሏል። አንዷማ አብራኝ የተማረች ናት። እኔ ባጃጅ ይዤ መርካቶ ሳልደርስ ወሬው ትምህርት ቤት ገብቷል። ተቀብለሃልና ፈርምልኝ ስለው ደግሞ «አታምኚኝም እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ ወረቀቱ ጠፋ። ከማህደሬ ውስጥ የለም፣ ማንም አላየውም፣ ልጁም አያስታውስም። በእረፍት ላይ ያለሁባቸው ቀናት እንደ ቀሪ ተቆጥረው ከደመወዜ ተቆረጡ። አንድ ኃላፊ ደግሞ በስብሰባ ላይ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ «የደከመው ካለ ቦታውን ለሚችል ይልቀቅ» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ናቸው፣ መስከረም 25 የመምህራን ቀን ሲከበር «የትውልድ ቀራጮች» እያሉ ንግግር ያደርጋሉ። አምስት ቀን ቆይቶ መስከረም 30 የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን መሆኑን ግን የሚያነሳው የለም።

እኔ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ተመልሼ ሐኪሜ ጋ ሄድኩና ሌላ ማስረጃ አጻፍኩ። በዚህኛው ላይ የበሽታው ስም የለም፣ በሕክምና ላይ መሆኔና ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እረፍት እንደሚያስፈልገኝ ብቻ ነው ያለው። ሐኪሞቹ ይህን ሲጠየቁ አይገርማቸውም፣ የታካሚን ምስጢር መጠበቅ ግዴታቸው ነው። በፖስታ አሽጌ፣ ማመልከቻ አያይዤ፣ ለሰው ኃይል ሳይሆን ለመዝገብ ቤት ሰጠሁ። የገቢ ቁጥርና ቀን በእኔ ቅጂ ላይ አስጻፍኩ፣ ማህተም አስመታሁ። ግልባጩን ለመምህራን ማህበር ተወካያችን ሰጠሁትና አብሮኝ ገባ። ያን ጊዜ ያ የሚጮህ ልጅ ወንበር ሳበልኝ! ደመወዜም ተመለሰ። ስለዚህ ባለቤትሽ ሲታመም ጉዳዩን አንቺ ያዢው፣ እሱ አሁን ከቢሮ ጋር የሚታገልበት አቅም የለውም። የሕመም ፈቃድ በሐኪም ማስረጃ የሚገኝ መብት ነው፣ ማንም በችሮታ የሚሰጠው ነገር አይደለም። እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፣ አትለማመጪ።

4. ያነሱታል ወይ ላልሽው፣ ሲታከም ታየ ብለው ሊያነሱት አይገባም። የምፈራልሽ ራሱ ተስፋ ቆርጦ መልቀቂያ እንዳይጽፍ ነው። ታሞ ሳለ እንዲህ ያለ ውሳኔ አይወስን። እኔም ምክትልነቱን ትቼዋለሁ፣ ግን ድኜ፣ አስቤበት፣ በራሴ ማመልከቻ። አሁን ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። «ወረደች» የሚሉ አሉ። የኃላፊነት አበሉ ቀርቶብኛል፣ እንቅልፌን ግን እንቅልፍ አድርጌ ነው የምተኛው። ባልሽ ሲሻለው ልቀጥል ካለም ይቀጥል፣ የሚወዱት ሰዎች አሉ።

ብቻ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ደጋግመሽ ንገሪው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የአገር ውጤት እንዲህ ሆኖ እያለ ግምገማ ላይ «ስንት አሳለፍክ?» ተብሎ የሚቆመው ርዕሰ መምህሩ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ሲያጥር ወላጅ የሚመጣው እሱ ጋ ነው። ኅዳር ላይ ልጆቹ ቡና ለቀማ ይወጣሉ፣ ክፍሉ ግማሽ ይሆናል፣ ከዚያ ስለ አቋራጭ ተማሪ ሪፖርት ሲጠየቅ ቡናውን እሱ የተከለው ነው የሚመስለው። ሪፖርቱም በቴሌግራም ነው የሚጠየቀው፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ፣ «አሁኑኑ» ተብሎ። እንዲህ ያለው ከሥራ ጫና የሚመጣ መዛል የዓለም ጤና ድርጅት በበሽታዎች መዝገቡ ላይ፣ በሽታ ነው ባይልም፣ የሥራ ቦታ ችግር ብሎ ያሰፈረው ነገር ነው፣ ስንፍና አይደለም።

የማታውን ስልክ በተመለከተ፣ እኛ ትምህርት ቤት የሪፖርቱን ተራ ምክትሎቹና የዩኒት መሪዎቹ ተከፋፈሉት። ርዕሰ መምህራችን መጀመሪያ «እኔ ካላየሁት» ብለው ነበር፣ በኋላ ከሁላችንም በላይ የወደዱት እሳቸው ሆኑ። ባለቤትሽ ፈቃድ ከመውጣቱ በፊት ይህን በቃለ ጉባኤ ያስይዘው። አለዚያ ፈቃድ ላይ ሆኖም ስልኩ አይተወውም።

ወረዳችሁ የት እንደሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ማህበሩ ውስጥ ማንን እንደምታናግሪ እነግርሻለሁ። እዚህ ግሩፑ ላይ ግን አትጻፊው፣ ሱፐርቫይዘሮቹም አባል ናቸው።